«ባሌን ላማክር» ስትል ምን ማለቷ ነው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በመስጊድ በር ላይ ተቁሞ የሚወራ አይደለም። ከእናንተ መካከል «ይህም በጋዜጣ ይጻፋል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በሦስተኛው ግን ዝምታችን እናቶቻችንን እየገደለ መሆኑን ሳስብ፣ እንደምንም በአደብ ልናገረው ብዬ ቆረጥኩ። ባጠፋ ይቅር በሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ጉለሌ፣ ሸጎሌ አካባቢ ነው። በሰፈራችን የሴቶች እድር ስብሰባ ላይ ከጤና ጣቢያ የመጣች አንዲት አዋላጅ ነርስ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር አስተማረች። ትምህርቷን ስትጨርስ «ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ፣ ምንም ሳያማችሁ መጥታችሁ ተመርመሩ፤ ማን ማን ይመዝገብ?» ብላ ጠየቀች። እዚያ ከነበሩት ሃያ ከሚሆኑ ሴቶች አብዛኞቹ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «ባሌን ላማክር።» ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ያለችው ይህንኑ ነው። የኔዋ ባለቤትም ከነርሱ አንዷ ነበረች።

ማታ ቡና እየቀዳች ይህን ስታጫውተኝ፣ ነርሷ ተናዳ «ለገዛ ገላችሁ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ!» ማለቷንም ጨምራ ነገረችኝ። ባለቤቴ ንግግሩ ከንክኗታል። «እኔ ላስፈቅድ አላልኩም፤ ላማክር ነው ያልኩት» አለችኝ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ሳብሰለስል አደርኩ። ማስፈቀድ ሌላ፣ ማማከር ሌላ። ግን እኛ ወንዶች፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ሚስታችን «ላማክርህ» ስትለን «ፍቀድልኝ» ያለችን የማይመስለን ስንቶቻችን ነን?

ይህ ጥያቄ በኛ ቤት አዲስ አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የአባቴ እህት በዚሁ በሽታ ሞታብናለች። እትዬ ነበር የምንላት። ከወሎ መጥታ ጉለሌ የከተመች፣ ልጆቿን በርበሬና ቅመም ቸርችራ ያሳደገች ብርቱ ሴት ነበረች። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደም ይታያት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። ሐይድ የተመለሰባት መስሏት ሶላት አቆመች። ረመዷን ሲመጣም ከልጆቿ ተደብቃ ትበላ ነበር። «በእርጅናዬ አላህ ከሶላት የከለከለኝ ምን በድዬ ነው?» እያለች ስታለቅስ እንደነበር የሰማነው ከቀበርናት በኋላ ከጎረቤቷ አፍ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ኡስታዝ ወይም የአንድ ኡስታዝ ሚስት ብትጠይቅ ኖሮ፣ ይህ ደም ኢስቲሓዷ እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ፣ ታጥባ ዉዱእ እያደረገች መስገድ እንደምትችል፣ ደግሞም ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባት በነገሯት ነበር።

ነገሩ ሲገለጥ ጥቁር አዝሙድ ተፈልጎ መጣ። ዘምዘም መጣ። ቁርኣን ተቀራላት። እነዚህን አልነቅፍም፤ እኔም ሲያመኝ እጠቀምባቸዋለሁ። ሆኖም በነርሱ መሐል አምስት ወር አለፈ። በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ባሏን፣ ወንድሟን (አባቴን ማለት ነው) እና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራን። በሽታው ካንሰር እንደሆነና መዛመቱን፣ ሕክምናው ጨረር እንደሆነ ነገረን። በዚያን ዘመን የጨረር ሕክምና በመላ ኢትዮጵያ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሦስት ወንዶች ቆመን ተማከርን። እትዬ ከኛ አሥር እርምጃ ርቃ በአግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን አገጯ ሥር ሰብስባ ተቀምጣለች። ስለርሷ እየተመከረ ያልተጠራችው እርሷ ብቻ ናት።

ወሰንን። አይነገራት፤ ወረፋውም አታድክሟት፤ ወደ ቤቷ ትመለስ አልን። አስተማሪ በመሆኔ በቤተሰቡ ውስጥ «የተማረው» እኔ ነኝ። «አይነገራት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። የማኅፀን ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል ብለን ይዘናት ተመለስን። ሰባት ወር ኖረች። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን አሉህ?» አለችኝ። ዋሸኋት። ያን ጊዜ ደሴ ካለችው እህቷ ጋር በቤት ውርስ ተኳርፈው ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ይህችን እህቷን ዐውፍ ለማለት ስትጠብቅ የኖረችው «ልዳን፣ በእግሬ እሄዳለሁ» እያለች ነው። እህቷ የደረሰችው ለቀብር ነው።

ይህን የምጽፈው በሐኪሙ ለማሳበብ አይደለም። ያደረገው ያገሩን ወግ ነው። ወጉ ደግሞ ከጭካኔ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የውብዳር በየነ የተባለች ኢትዮጵያዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር አሜሪካ ውስጥ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፋ ነበር። የአሜሪካ ሐኪም ክፉ ወሬን ለበሽተኛው ፊት ለፊት ሲናገር፣ ኢትዮጵያዊው ግን ይህን እንደ ጭካኔ እንደሚያየው፣ በቅድሚያ ለቤተሰብ መነገር አለበት ብሎ እንደሚያምን፣ በሌሊት ክፉ ወሬ እንደማይነገር አስረድታለች። እውነቷን ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው። ግን ልብ በሉ፤ መርዶም ቢሆን ይነገራል! ባህሉ የሚጨነቀው ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አነጋገሩና አብሮ ስለሚቆመው ሰው ነው። እኛ ያን ዕለት የወሰድነው የወጉን ግማሽ ነበር፤ መሸሸጉን ይዘን መንገሩን ተውነው።

ወደ በሽታው ልመለስ። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት 7,445 ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ 5,338 ይሞታሉ። ይህ በቀን ሲካፈል 14 ወይም 15 ሴት ማለት ነው። መንሥኤው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ሲሆን ከዝርያዎቹ ሁለቱ ብቻ፣ ቁጥር 16 እና 18፣ ከ10 የማኅፀን በር ካንሰሮች ለ7ቱ ያህል ተጠያቂ ናቸው። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ሕክምና በራሱ ይጠፋል። በጥቂቶች ላይ ግን ይቀራል። የቀረባትም ሴት ቢሆን ወደ ካንሰር እስኪለወጥባት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የሰውነት መከላከያ ኃይሏ የተዳከመ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት። የምርመራው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በሽታው ገና ካንሰር ሳይሆን፣ ሕመም ሳይኖር፣ አላህ የሰጠን ረዥም የዕድል ጊዜ አለ።

ምርመራውም ቢሆን የሚፈራውን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። አዋላጇ ነርስ የማኅፀኑን በር በተመጠነ የኮምጣጤ አሲድ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛ ያልሆነው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ከታየና ለሕክምናው አመቺ ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይጠፋል። ካልታየ በአምስት ዓመት ተመለሺ ትባላለች። ይህ የኮምጣጤ ምርመራ ለ30 እስከ 49 ዓመት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን መመርመሩ አስተማማኝ አይሆንም። ደግሞ እንደ እትዬ ደም የሚታያት ሴት «ምርመራ ይደርሰኛል» ብላ ተራ የምትጠብቅ አይደለችም። እርሷ በሽተኛ ናትና በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ተመርምረው የሚያውቁት ከ100 ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። በሽታውን ቀድሞ የሚከላከለው ክትባትም በኅዳር 2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። ቢሆንም አገልግሎቱ በር ላይ ደርሶ «ባሌን ላማክር» የምትለው ሴት ብዙ ናት።

እንግዲህ ለምን? ነርሷ እንዳለችው ሴቶቻችን ለገላቸው ባዳ ስለሆኑ ነውን? አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከአምስት ባለትዳር ሴቶች አራቱ ያህል ስለ ገዛ ጤናቸው በሚደረገው ውሳኔ ይሳተፋሉ፤ አብዛኞቹም የሚወስኑት ከባላቸው ጋር በጋራ ነው። በጋራ መወሰን የኛ ሰው ኑሮ ነው። አሜሪካኖች «የጋራ ውሳኔ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1982 በአንድ የፕሬዚዳንት ኮሚሽን ሪፖርት ላይ ሲያነሱ በሐሳባቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሐኪምና ታካሚ፣ በተዘጋ በር። ጉለሌ ውስጥ ግን ያ ክፍል ጠባብ ነው። ባል አለ፣ አማት አለች፣ አረብ አገር ሆና ገንዘብ የምትልክ እህት አለች፣ «እኔ የማውቃት አንዲት ሴት ተመርምራ ማኅፀኗ ተጎዳ» የምትል ጎረቤት አለች። ሁሉም ሐሳብ ይሰጣል። ሴትየዋን ብቻ ነጥላችሁ «አሁኑኑ ወስኚ» ብትሏት፣ ነፃ ያወጣችኋት ይመስላችኋል እንጂ እርሷ ዘንድ ያለው ስሜት ሜዳ ላይ የመጣል ነው።

በሌላ በኩል፣ ምክክር እየተባለ ሴቲቱ ከመካከሉ የምትጠፋበትን ጉባኤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ተካፍዬበታለሁም። ስለዚህ ጥያቄው ይመከር ወይስ አይመከር አይደለም። ማን ይመክራል፣ የመጨረሻዋን ቃል የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው።

እኛ ሙስሊሞች በዚህ ላይ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ቁርኣን ውስጥ በሹራ ስም የተሰየመ ሙሉ ሱራ አለ። በሱረቱል በቀራህ ደግሞ ሕፃንን ጡት ስለ ማስጣል ሲነገር፣ አባትና እናት በሁለቱ ውዴታና ምክክር እንዲወስኑት ተመልክቷል። ልብ በሉ፤ ስለ ጡት! ስለ እናት ገላና ስለ ልጅ ጤና ነው። የሁለቱ ውዴታ ተብሏል እንጂ የአንዱ ትእዛዝ አልተባለም። በሑደይቢያ ዕለት ሶሓቦች በሐዘን ተውጠው አልነሳ ባሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሄዱት ወደ ባለቤታቸው ወደ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነው። ያለቻቸውን አደረጉ፤ ነገሩም ተፈታ። ኡሙ ሰለማ ደግሞ ለኛ ለሐበሾች ባዕድ አይደለችም፤ በስደት አገራችንን የረገጠች እናታችን ናት።

«የአላህ ቀደር ከሆነ ምርመራ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ይህን በተመለከተ የዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ.) ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ብቻቸውን አልወሰኑም፤ መጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን፣ በኋላም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠርተው አማከሩና ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ሲባሉ፣ የምሸሸው ከቀደሩ ወደዚያው ወደ ቀደሩ ነው የሚል መልስ ሰጡ። በጤና ጉዳይ ላይ ከዚህ የበለጠ የምክክር ትምህርት ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ባሎች ልምጣ፤ ባል በዚህ ጉዳይ ለምን እንደሚፈለግ ብዙ ሰው የማያውቀው ምክንያት አለና። ነጩ ቦታ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ከታከመ በኋላ ቁስሉ እስኪድን አራት ሳምንት ያህል ባልና ሚስት መገናኘት የለባቸውም። ለባሏ ሳትነግር ተመርምራ በዚያው ቀን የታከመች ሴት ይህን አራት ሳምንት በምን ታሳልፈዋለች? ወይ ትዋሻለች፣ ወይ ቁስሏን ታስደፍራለች፣ ወይ ከቤቷ ጠብ ይገባል። ስለዚህ «ላማክር» ያለችው ሴት ከነርሷ ይልቅ ነገሩን አርቃ አይታለች ማለት ይቻላል። ነርሷም ይህን አስቀድማ ብትነግራቸው ኖሮ ምክክሩ ስለ ምን እንደሆነ ባወቁት ነበር።

ከዚህ የባሰ አንድ እሾህ አለ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግንኙነት ነው። ባል ይህን ከግማሽ ወሬ ሲሰማ «ከየት አመጣሽው?» ይላል። ወንድሞቼ፣ አላህን ፍሩ! ከላይ እንዳልኩት ይህ ቫይረስ ከገባ ብዙ ዓመት ምንም ሳይታይ ይቆያል። ከቀድሞ ትዳሯ ሊሆን ይችላል፤ ካንተ ከራስህ ሊሆን ይችላል፤ አንተም ሳታውቀው ከቀድሞ ትዳርህ ይዘኸው ሊሆን ይችላል። ማን ለማን እንዳስተላለፈ የሚናገር ምርመራ የለም። በኮምጣጤ ነጭ የሆነ ቦታ በማንም ላይ ምስክር አይሆንም። ንጹሕ ሴትን በዝሙት መጠርጠርና ማማት በሸሪዓችን ያለውን ክብደት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ የዐውራ ጉዳይ ነው። ወንድ አዋላጅ ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሾፉበትም ይታረሙ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። ሙስሊም ሴት ባለሙያ ካለች እርሷ፤ ካልተገኘች የምትታመን ሙስሊም ያልሆነች ሴት፤ እርሷም ካልተገኘች ሙስሊም ወንድ ሐኪም፤ ከዚያም ሙስሊም ያልሆነ ወንድ። ወንድ ሲሆን የሚያየው ለምርመራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ ለብቻቸው እንዳይሆኑም ባሏ ወይም መሕረሟ ወይም የምትታመን ሴት ትገኛለች። ለኛ የሚቀረው ቀላል ነገር ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ ሴት አዋላጅ ተረኛ የምትሆንበትን ቀን መጠየቅ። ይህን ለመጠየቅ ማንን እንፈራለን?

ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ሕክምና ባሳለፈው ውሳኔ፣ አቅለ አዳምና ለአካለ መጠን የደረሰ ታካሚ እንዲታከም የራሱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ይህ ለሚስትም ለባልም እኩል ነው። የአገሪቱም ሕግ ቢሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተሰብ አመራር እኩል መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ ባል ይማከር፤ አብሮ ይሂድ፤ በር ላይ ይጠብቅ። አዎን ወይም አይሆንም ማለት ግን የባለ ገላዋ ነው።

በጾም ጉዳይ ደግሞ፣ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ የማኅፀን ምርመራ መሣሪያ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። በአገራችን የተስፋፋው የሻፊዒይ መዝሀብ ግን በዚህ ላይ ጠንከር ይላል። ልቧ የሚጠራጠር ሴት ከረመዷን በፊት ወይም በኋላ ብትሄድ አንድ ወር የሚያስቀርባት ነገር የለም፤ ይህ በሽታ በዓመታት የሚቆጠር ነውና። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ የሚወርዳትም «ሶላቴስ?» ብላ መጨነቋ አይቀርም። ዑዝር ያለበት ሰው ለየሶላቱ ወቅት ዉዱእ እያደረገ እንደሚሰግድ የታወቀ ነውና ኡስታዞቻችን ያብራሩላት።

ስለ ኡስታዞች ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። «ደም አልቆም አለኝ፤ ልስገድ?» የሚለውን ጥያቄ ከሐኪም ቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? የመስጊዱ ኢማም ነው፤ የኢማሙ ሚስት ናት፤ ሴቶችን ቁርኣን የምታቀራው እህት ናት። የእትዬ ዓይነቷ ሴት መጀመሪያ የምታፍረው ገላዋን ሳይሆን ሶላቷን ነውና መጀመሪያ የምትጠይቀውም ስለ ሶላቷ ነው። መልሱ በፊቅሁ ብቻ ካበቃ ግማሹ ቀረ። «ስገጂ፤ ነገ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂጂ» የሚል ኡስታዝ ነፍስ ያድናል። ይህን ለአንድ የሰፈራችን ኢማም ባጫወትኳቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና «በዓመት ሦስት አራት ሴት እንዲህ ትለኛለች፤ አንዷንም ሐኪም ቤት ሂጂ ብዬ አላውቅም» አሉኝ። ፊታቸው ልክ እኔ ስለ እትዬ ሳስብ የሚሆነውን ሆነ።

የጤና ባለሙያዎቻችንም ድርሻ አለባቸው። እኛ አገር ሐኪም አይጠየቅም፤ «ዶክተሩ ያውቃል» ተብሎ ይዘጋል። እርሱም ወረፋው ስለሚበዛበት ዝምታችንን ይወደዋል። ለአንዲት ሴት ግን ሊነገራት የሚገባ አለ። በኮምጣጤ ነጭ ከታየባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። አንዳንዷ ያለ ሕክምና ይጠፋ የነበረ ነገር ልትታከም ትችላለች። «ምንም የለብሽም» መባልም የዕድሜ ልክ ዋስትና ስላልሆነ በአምስት ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሰምታ «ዛሬ አልሆንም፤ በሚቀጥለው ወር ከባሌ ጋር እመጣለሁ» ያለች ሴት እምቢ አላለችም። ቀጠሮ ይሰጣት። (እኛ ወንዶችም ተራችን ይደርሳል። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ጥቅሙና ጉዳቱ እንዲህ በቀላሉ የሚለይ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሳይነግሩን ቢወስኑልን እንዴት እንደምንቆጣ አስቡት።)

እኔና ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን ተቀመጥን። የማውቀውን ነገርኳት፤ የማታውቀው የመሰለኝን አብዛኛውን ከእድሩ ሰምታ ታውቀዋለች። እኔ ያላወቅሁትን ደግሞ እርሷ ነገረችኝ፤ የምትፈራው ምርመራውን አልነበረም። «አንድ ነገር ቢገኝብኝ እንደ እትዬ ለኔ ሳይነገረኝ አንተ ብቻ ታውቃለህ ብዬ ነው» አለችኝ። ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ምንም ይሁን ምን ውጤቱን መጀመሪያ የምትሰማው እርሷ እንድትሆን፣ እኔ የምሰማው እርሷ ስትፈቅድ እንዲሆን ተስማማን።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። ከወንዶች በር ላይ የቆምኩት እኔና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበርን። የመረመረቻት ያችው በእድሩ ላይ የተቆጣችው ነርስ ናት። ባለቤቴ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ይዛ ገብታ ነበር፤ ነርሷ ሦስቱንም ቁጭ ብላ መለሰችላት። ስትወጣ ፊቷን አየሁት፤ አልጠየቅኋትም። ታክሲ ተራ ስንደርስ «በአምስት ዓመት ተመለሺ ብላኛለች፤ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ አንድ ጎረቤቴ ጫማውን እያጠለቀ ወደኔ ጠጋ አለ። ሚስቱ በእድሩ ቀን «ባሌን ላማክር» ካሉት አንዷ ናት። ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ያንተዋ ያደረገችው ነገር ... ያማል እንዴ?» አለኝ። እኔ እንዴት አውቃለሁ? «ሚስትህን ይዘህ ወደ ቤት ኑ፤ ቡና እየጠጣን እርሷኑ ትጠይቃላችሁ» አልኩት።